ጸበል ይዞ የወረደው ኮዳ

ከጎንደር በብስክሌት ተነስተን ዳባት ስንገባ የባለቤቴ ሆድ ይጮህ ጀመር። ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገንም። ጠዋት «ጉልበት ይሰጠኛል» ብሎ ኮዳውን በብርዝ ሞልቶት ነበር። ብርዙ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታውና በመንገዱ ሲናጥ ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ አረፋ እያወጣ ክዳኑን ሊፈነቅል ደረሰ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ጠጣው።

«መጣፈጡ አልቀረም እኮ» አለኝ፣ ያረፍንበት ሆቴል ደጃፍ ላይ ሆዱን ይዞ ተቀምጦ።

«ኮዳ እኮ ጋን አይደለም» አልኩት።

ሁለታችንም መምህራን ነን። የመጨረሻዋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር አለብንና ትምህርት ሲዘጋ በብስክሌት መዞር ለመድን። ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ስለነበር፣ ደባርቅን አልፈን፣ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ልናድር፣ ከዚያ ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ላይ አስጭነን ልንመለስ ነበር ሐሳባችን። ጎማ መለጠፍ የእሱ፣ ዕቃ ማጠብ የኔ ሥራ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዳባት ገበያው አጠገብ ካለች ሱቅ የጡጦ ብሩሽ ገዛሁ። የኮዳ አፍ ጠባብ ነው፤ እጅ አያስገባም። ባለሱቋ ብሩሹን በፌስታል እየጠቀለለች «ልጁ ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ። ደጅ ላይ ብስክሌቱን ተደግፎ የቆመውን ባለቤቴን አየሁትና «ያውልሽ፣ ሽበት አብቅሏል። ሆዱን አሞት ነው» አልኳት። መንገድ ከጀመርን በኋላም ሳቋ ይሰማኝ ነበር።

ሆዱ ቀለል ቢለውም ጉልበቱ ከድቶታል። ወደ ደባርቅ የሄድነው እየቆምን ነው። መንገድ ዳር አንድ ቤተ ክርስቲያን ስናገኝ፣ ከቅጥሩ ውጭ የጥድ ጥላ ሥር አረፍን። እሱ ጋደም አለ። እኔ የእሱን ኮዳ በብሩሽ ፈትጌ፣ የኔንም አለቅልቄ፣ ሁለቱን የድንጋዩ ካብ ላይ ዘቅዝቄ አስቀመጥኳቸው።

አንድ አዛውንት ቄስ ከቅጥሩ ወጥተው ወደኛ መጡ። ተነስተን መስቀል ተሳለምን። እሳቸው ግን ዓይናቸው ካቡ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«የውኃ መያዣ ነው፣ አባ። እንዲጠፈጠፍ ብዬ ነው።»

«ሁልጊዜ ታጥቢዋለሽ?»

«ማታ ማታ አጥበዋለሁ።»

«እናስ፣ ወዴት ናችሁ?»

«ነገ ዛሪማ ነን» አለ ባለቤቴ።

ዛሪማ ሲባል ቄሱ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ታላቅ እህታቸው እዚያ በሴት ልጃቸው ቤት እንደሚኖሩ ነገሩን። እህትየው ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ የደጋውን ብርድ አልችል ብለው ወደ ቆላ ከወረዱ ቆይተዋል። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠጡት የኖሩትን የዚህን ቤተ ክርስቲያን ጸበል ካላገኙ አንጀታቸው አይርስም።

«በመኪና ልኬላት ነበር» አሉ ቄሱ። «በዘይት ጀሪካን። አጥበነው ነበር፣ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ይወጣል። እሷ ደግሞ አትናገርም። ጸበል ሸተተኝ ማለት ኃጢአት መስሏት ዝም ብላ ጠጣችው። ኋላ አስመለሳት። ጸበል ከሆዴ አልረጋ አለ፣ ምን በድዬ ነው እያለች ታለቅሳለች አለችኝ ልጇ።» ወደ ኮዳዎቹ ዞር አሉ። «የእናንተ ዕቃ ምን ተይዞበት ያውቃል?»

ባለቤቴ ቀድሞኝ መለሰ። «የኔ ብርዝ ነበረበት፣ አባ። ፈልቶ ነው ያመመኝ። የሷን ይውሰዱ። ከውኃ ሌላ ነክቶት አያውቅም።»

እውነቱን ነው፤ በኔ ኮዳ እተማመን ነበር። ቄሱ ከቤታቸው የፈላ ውኃ ሊያመጡ ሲሄዱ፣ እስከዚያው ብዬ ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ፈልቅቄ አወጣኋት። ከሥሯ ጥቁር ሻጋታ ዙሪያውን ይዞታል። ያን ሁሉ ጊዜ ሳጥብ አንድም ቀን እሷን አንስቼ አላየሁም ማለት ነው። ደነገጥኩ።

«ና እስቲ ይህን እይልኝ» አልኩት።

አይቶ፣ እንዳመመውም ሳቀ። «እኔ ብቻ አይደለሁማ!»

ቄሱ ማንቆርቆሪያ ይዘው ሲመለሱ ሻጋታውን አሳየኋቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩና «ከታየማ ይለቃል» አሉ፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው። እሳቸው ያንቆረቁራሉ፣ እኔ በሳሙና እፈትጋለሁ፣ ባለቤቴ ለሻይ የያዝነውን ሎሚ ቆርጦ ክዳኑንና ቀለበቷን ያሻል። የሳሙናው ሽታ እስኪለቅ ደጋግመን አለቀለቅነው። በመጨረሻ ቄሱ አፍንጫቸውን ወደ ኮዳው አፍ አስጠግተው ረዥም ትንፋሽ ሳቡ።

«ምንም» አሉ። «ምንም ምንም አይል።»

ይዘውት ወደ ጸበሉ ወረዱ። ቆይተው ሲመለሱ ኮዳው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከቅዝቃዜው የተነሳ ውጪው ላብ አውጥቶ ነበር። በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

«ማታ ደውዬ እነግራታለሁ» አሉ። «እግዚአብሔር በሰላም ያድርሳችሁ።»

ደባርቅ አደርን። ኮዳውን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ ክፍላችን መስኮት ላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጥኩት።

ሊማሊሞ ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል መስሎን ነበር። ፍሬን በመያዝ ብዛት ጣቶቼ ደነዘዙ። በየጠመዝማዛው እህል የጫነ መኪና ሲመጣብን ጥግ ይዘን እንቆማለን። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ጃኬታችንን፣ ቀጥሎም ሹራባችንን አወለቅን። ከዚያ የባለቤቴ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ለጥፎት ትንሽ እንደሄድን እንደገና ተነፈሰ። የምንጠጣበት ኮዳ አንድ ብቻ ቀርቶን ስለነበር ውኃችን አለቀ። ሆዱን ሲያመው የሰነበተ ሰው ደግሞ ውኃ ይፈልጋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲለጥፍ ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኖ አየሁት።

«ከጸበሉ ትንሽ ጠጣ» አልኩት። «ጸበል ለታመመ አይደል? አባም አይቀየሙን።»

በነጠላ የተጠቀለለውን ኮዳ አየው። «አንዴ አፌን ካስነካሁት የኔ ይሆናል» አለ። «እሳቸው የሚጠብቁት ንጹሑን ነው። ትንሽ ልታገሥ።»

ብዙ ሳይቆይ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር እኛን አይቶ ቆመ። ምን እንደፈለግን ሳይጠይቅ ከመቀመጫው ኋላ ጀሪካን አውጥቶ በባለቤቴ መዳፍ ላይ አንቆረቆረለት። ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው።

«ከብርዙ ይሻላል» አለ፣ አፉን እየጠረገ።

ዛሪማ የደረስነው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ቤቱን ስንጠይቅ አላስቸገረንም። አንዲት እናት ነጭ ለብሰው፣ በራፍ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠዋል። ሲያዩን ምርኩዛቸውን ይዘው ለመነሣት ታገሉ።

«ወንድሜ የላካችሁ ናችሁ? እሰይ! ስትዘገዩብኝ ገደል ገብተው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ዋልኩ።»

ልጃቸው ከውስጥ ብቅ አለች። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አለችን። «በባዶ ሆዴ ካልሆነ አልጠጣውም ብላ ነው።»

ያዘገየን የእሱ ጎማ ነበርና ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ነጠላውን ፈትቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ኮዳውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ተራራው ዞሩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ፈራ ተባ እያሉ አሸተቱት። አንዴ ጠጡ። ቆም አሉ። እንደገና ረዘም አድርገው ጠጡና ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ፊታቸውንና ጉልበታቸውን አበሱበት።

«ቅዝቃዜው ነው መንገድ ላይ የቀረ» አሉ። «ሌላው እንዳለ ነው። ድንጋይ ድንጋይ ይላል፣ እንደ ድሮው።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ይስቁ ነበር። ልጃቸውን «በይ እህል አቅርቢ፤ ለነሱም ለኔም» አሏትና ስልክ አስደወሉ። ከቆላ ወደ ደጋ የሚጣሩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

«ጠጣሁት!… አዎ፣ ረግቶልኛል!… ምን ይሸታል፣ ምንም አይሸትም!… እንዴ፣ ያን ነገር ልጄ ነገረችህ? አይ አንቺ ልጅ!»

ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ፤ ስለወለደች ላም፣ ስለዘንድሮው ገብስ፣ ስለጎረቤት ሠርግ። ሽሮው ቀርቦ ይጠብቃል። ልጃቸው በዓይኗ ጀምሩ አለችን። ጀመርን።

ጸበሉን ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጠው ኮዳውን ሊመልሱልን ሲሉ እዚያው እንዲቀር ነገርናቸው። ቀለበቷን እንዴት እንደምታወጣና እንደምታጥብ ለልጃቸው አሳየኋት። በማግስቱ ብስክሌቶቻችን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስረው ሊማሊሞን ስንወጣ፣ ባለቤቴ ትከሻዬን ተንተርሶ ተኛ። ደባርቅ እስክንደርስ አልቀሰቀስኩትም።