የማን ቤት ልጅ ይሁን

ለአንድ ሰው ነፍስ ስጸልይ ሌላ ሴት መጥታ አጠገቤ ብትሰግድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የቀዳሁትን ውሃ ከነእንስራው ከጀርባዬ ያወረደችብኝ ነው የመሰለኝ።

ቤታችን የካ ነው፤ ከእንጦጦ ተራራ ዝቅ ብሎ፣ ጥዱና ወይራው ገና ለማገዶ ተቆርጦ ባላለቀበት በኩል። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ለአባቴ በአገልግሎቱ መሬት ተሰጠውና እኛን ይዞ መጣ። መሬቱ ከማን ተወስዶ እንደተሰጠን በቤታችን አይወራም። አጥራችንን የሚዋሰኑት ግን ከእኛ በፊት የነበሩ ኦሮሞች ናቸው፤ አንዲት ባልቴትና አንድ ልጇ። ባልቴቷ አማርኛ ትሰማለች፤ መናገር አትወድም። ልጁ ሁለቱንም ቋንቋ ያቀላጥፋል፤ ከአባቴ ጋር ቀፎ ይሰቅላል፣ በሬ ያቀናጃል፣ ዝናብ ሲመጣ ከአባቴ ቀድሞ ያውቃል።

አባቴ ይወደዋል። ነገር ግን ክርስትና ያልተነሳ ሰው ከእኛ ማዕድ አይቀርብምና ምሳ ሲደርስ እኛ ወደ ቤት እንገባለን፣ እሱ ደጅ ካለው ግንድ ላይ ይቀመጣል። የእሱ እንጀራ በትንሽ ሰፌድ ለብቻው ይወጣለታል። አድርሺለት የምባለው እኔ ነኝ። ሰፌዱን ሲቀበለኝ በሁለት እጁ ነው፤ ቀና ብሎም አያየኝም። እኔ ግን አየዋለሁ። ይህ ሰው ከእኛ ጋር ገብቶ ቢቀመጥ ምን አለበት ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያሰብኩትን መጻፍ አያስፈልግም፤ ሴት የሆነች ታውቀዋለች።

አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት ያስተማረው እኔን ነው። ዳዊት ስጨርስ ይበቃታል ተባለ። አልበቃኝም፤ የኔታ ዘንድ ከወንዶቹ ኋላ ተቀምጬ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ እየሰማሁ ዓመታት ቆየሁ። ስለዚህ ስጸልይ ምን እንደምል አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ፀሐይ ቀድማ የምትመጣው እዚያ ነው እያልኩ። ስጨርስም ለእሱ እለምናለሁ፤ ልቡን መልስልኝ፣ ለጥምቀት አብቃልኝ እላለሁ።

የቸገረኝ ስም ነበር። ለክርስቲያን ሲጸለይ በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ እሱ ያ ስም የለውም። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ያልተጠመቀ ሰው በጸሎት ምን ተብሎ ይጠራል?»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል በይና እለፊ።»

«እሳቸውማ ያውቁታል። መጥራት የፈለግኩት እኔ ነኝ።»

«እሳቸው አይባልም ለእግዚአብሔር» አሉኝና አዩኝ። «ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት?»

«ነፍስ ነው፣ አባ።»

ይህን እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም። ከዚያ በኋላ እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራሁት፤ ጮክ ብዬ። ዳዊት በለሆሳስ ማንበብ አልወድም።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ አገኘሁት።

«ስሜን ከግዕዙ መሃል ሰማሁት» አለኝ። «ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም።»

«እናቴ አስማት ነው ትላለች። ከብቶቹን ከዚህ አጥር አርቅ ብላኛለች።»

«ለከብቶቹ አልጸለይኩም።»

«ለእኔስ ምን እያልሽ ነው?»

«ልብህን እንዲመልስልህ።»

ደረቱን ዳሰሰ። «የት ሄዶ?»

«ክርስቲያን እንድትሆን ነው እንግዲህ» አልኩት፤ ፊቴ ጋለ።

አንድ ጭራሮ አንስቶ አጥሩ ላይ ሰካ። «በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ።»

«አይሰለችሽም?»

«ይሰለቸኛል።»

ሳቀ። ከዚያን ዕለት ወዲህ የእነሱ አጥር በጠዋት በጠዋት የሚጠገን ነገር አያጣም ነበር። ምንም የረባ ነገር አንነጋገርም፤ እሱ ጭራሮውን ይሰካል፣ እኔ አነባለሁ፣ ስሙ ጋ ስደርስ እጁ ይቆማል። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

በዚህ መሃል ነው እሷ የመጣችው። ከእኛ በላይ የሚኖሩ አንድ እግራቸውን በጦርነት የተጎዱ ወታደር አሉ፤ የእሳቸው ልጅ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ሰጋጅ ናት፤ ይልቁንም አልቃሽ ናት። ቤተ ክርስቲያን ገና ደጀ ሰላሙን ሲረግጡ እንባዋ ይመጣል፤ ዓይኗ ደግሞ ሲያለቅስ ያምርበታል፤ የእኔ ሲያለቅስ ያብጣል።

«ለዚያ ለጎረቤታችሁ ትጸልያለሽ አሉ» አለችኝ ከቅዳሴ ስንወጣ።

«ማን አለ?»

«የካ ምን የማይሰማ አለ፤ እየጮህሽ እኮ ነው የምታነቢው። ብቻሽን ከምትደክሚ ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«አልደከመኝም።»

«ሁለት ሆኖ መለመን ይበልጣል ይላሉ ቄሱ። ወይስ ነፍሱን ለብቻሽ ነው የምትፈልጊያት?»

ምን ይመለሳል? ነፍስ የእኔ ናት፣ አትንኪ አይባልም። እሺ አልኳት።

ከእኛ በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ጣሪያው የወደቀ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዋሻው እንለዋለን። በጾም ጊዜ ሰው እየወጣ ይጸልይበታል። እኛም እዚያ መውጣት ጀመርን። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰግዳለች። ግንባሯ ድንጋዩን ሲነካ ይሰማኛል። ስሙን እኔ ስጠራው ቃል ነው፤ እሷ ስትጠራው ልቅሶ ነው። እግዚአብሔር የማንን ይሰማል እያልኩ መስመር እስታለሁ። አንድ ቀን ቁልቁል ስንወርድ ቀፎ ሊያይ ከወጣው ከእሱ ጋር ተገናኘን። ቀጥ ብሎ ያየው እሷን ነው።

«ዓይንሽ ቀልቷል። በእኔ ምክንያት ነው?»

«ለነፍስህ ነው» አለች፤ እንባዋ እንደገና ጀመራት።

ከቀፎው የቆረጠውን ማር በቅጠል አድርጎ ሰጣት። «ለሁለታችሁ ነው» ብሏል በእርግጥ። የሰጠው ግን በእሷ እጅ ነው። ጉሮሮዬ በንባብ ደርቆ ነበር፤ ስለ ጉሮሮዬ የጠየቀኝ የለም። ማሩን አልቀመስኩትም፤ ጾም ነው አልኳት፤ ማር ደግሞ በጾም እንደሚበላ ሁለታችንም እናውቃለን። ቤቴ እስክደርስ ስትልስ ሰማኋት።

ያ ጾም ሲፈታ ልጁ አባቴ ዘንድ መጥቶ ክርስትና ልነሳ አለ። ምክንያቱንም አልደበቀም። የእንጦጦ ሰው ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ በጀመረበት በዚያ ጊዜ መሬት በየዕለቱ እጅ ይለውጥ ነበር፤ የተጠመቀ ሰው የያዘውን መሬት ማንም በቀላሉ አይነካበትም ብሎ አባቴ ነግሮታል። «ይህም አለበት» አለ ልጁ። «ግን ይህ ብቻ ቢሆን ዓምና እነሳ ነበር።» ይህን ሲል ያየው መሬቱን ነው፤ እኔንም እሷንም አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ማንን ማለቱ ነው ስል አደርኩ።

አሁን የቀረው ክርስትና የሚያነሳው ሰው ነበር። የዚህ አገር ሰው የሚያውቀውን ሕግ እዚህ ልጻፈው፤ የክርስትና አባት እንደ ወለደ አባት ነው። የእሱ ልጆች ለተጠማቂው እህትና ወንድም ይሆናሉ። እህት ደግሞ ሚስት አትሆንም። አባቴ ካነሳው ለእኔ አይሆንም፣ ወታደሩ ካነሱት ለእሷ አይሆንም።

እሷ ፈጠነች። እቤታችን መጥታ የአባቴን ጉልበት ሳመች።

«አባባ፣ ከእርስዎ ሌላ ለማን ይገባል? እንደ ልጅዎ አይደል ከጎንዎ የሚውለው።»

አባቴ ጢሙን ዳሰሰ። ደስ ብሎታል።

«ኧረ የእሷ አባት ይሻላሉ» አልኩ ከጓዳ ወጥቼ። «የጦር ሰው ናቸው፤ ስማቸው ይፈራል። ለልጁ መከታ ይሆኑታል።»

«አባቴማ እግራቸውን ያማቸዋል፤ መቆም አይችሉም።»

«ባለፈው ሰርግ ሲጨፍሩ አየኋቸው።»

«ለአንድ ዘፈን ነው።»

ተያየን። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የእኔን ሐሳብ ስታነብ ያኔ ነው ያየሁት። እኔም የእሷን አነበብኩ።

ምስኪኖቹ አባቶቻችን ግን የምር አደረጉት። ወታደሩ ለእኔ ይገባል፣ በሬ ጥዬ ነው የማነሳው ማለታቸው ተሰማ። ይህን ሲሰማ አባቴ ጠጅ ጣይ አለኝ። ነገሩ ወደ ጠብ ሲሄድ የንስሐ አባታችን ሁሉንም እኛ ግቢ ሰበሰቡ። «ልጁ ሕፃን አይደለም፤ የሚያነሳውን እሱ ይምረጥ» አሉ።

ልጁ ተነሳ። ነጭ ጋቢ ለብሶ ነበር፤ እናቱ የሰጠችው ይመስለኛል። ወታደሩን እጅ ነሳቸው፤ መረጣቸው አልኩ በልቤ። ከዚያ ዞሮ ከአባቴ ጉልበት ሥር ተንበረከከ።

«ስሜ በእግዚአብሔር ፊት መጀመሪያ የተጠራው ከዚህ ቤት ነው» አለ። «አባት እዚህ ነው የማገኘው።»

ተናግሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ቀና አለ። ደስ ይላታል ብሎ ነው። የወታደሩ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ አልታወቀኝም።

«አይሆንም» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ «ምን አልሽ?» አለኝ።

«የእሷ አባት ይሻላሉ።»

ልጁ ከተንበረከከበት ሳይነሳ «ወንድም እንድሆንሽ አትፈልጊም?» አለኝ።

«አልፈልግም።»

በሕይወቴ የዚያን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም። እሱ ግን የሰማው ሌላ ነው። ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁት፤ ቀስ ብሎ።

«ገባኝ» አለ። «ግንዱ ላይ ብቀመጥ ይሻልሻል።»

ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ። ወደ አጥሩ መሄድ ጀመረ። ካህኑ ጠሩት፣ አልዞረም። አባቴ በንዴት ደም መስሏል። አንድ መድኃኒት ነበር፤ በሽማግሌዎቹ፣ በአባቴና በእሷ ፊት «ወንድም እንዳትሆነኝ የምለው ስለምፈልግህ ነው» ማለት። እኔ የመጣልኝን የምናገር ሴት ነኝ፤ ይህን ግን አፌ አልቻለም። ቢችልም የአባቴን ስም ቀብሬ ነው። ካልተናገርኩ ደግሞ ሰውየው ያን አጥር ዘሎ ሄደ፤ ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ዳዊት፣ እኔ በአንድ ቃል መልሼ አፈረስኩት። ነፍሱን ፈልጌያት እንደነበረ በእርግጥ ያወቅኩት የዚያን ጊዜ ነው፤ ስትሄድ ሳያት።

ሮጬ ጋቢውን ያዝኩት።

«ተመለስ» አልኩት። «ወንድሜ ነህ። ጠጁን የጣልኩት ለአንተ ነው።»

«ለምን አይሆንም አልሽ ታዲያ?»

«ቅናት ነው» አልኩት። አባቴን እንዳይካፈለኝ የቀናሁ መሰለው። ፊቱ ተፈታ። ተመለሰ።

የተጠመቀው በሳምንቱ በማለዳ ነው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ካደ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አመነ፤ አባቴ እጁን ይዞታል። ከውሃው ሲወጣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካህኑ ማዕተቡን አሰሩለትና ስም ሰጡት። እናቱ ከቅጥሩ ውጪ ቆማ ስታይ ዋለች፤ እንኳን ደስ አለዎት ስላት በአማርኛ መለሰችልኝ፤ «ለእኔ እንዳትጀምሪ። ላሞቼ ይደነግጣሉ።» የዚያን ቀን ያሳቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ልጇ ግን ፀጉሩ ሳይደርቅ መጥቶ «እህቴ» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም።

የቀረው ፈጥኖ ሆነ። ልጁ የወታደሩን ልጅ ወደዳት፤ የክርስትና አባት ለልጁ ሽማግሌ ይልካልና የላከው አባቴ ነው። ለሽማግሌዎቹ ምሳ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ሲያልቅ እሷ ጓዳችን ድረስ መጣች።

«አሁንማ እህቱ ነሽ» አለችኝ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ደስ ይለዋል?»

«ዝም ያለች ሴት።»

«አንቺ ደግሞ» ብላ ሳቀች፤ ከዚያም አቅፋኝ አለቀሰች። የምሯን መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ንስሐ ገባሁ። ሁሉንም ለካህኑ ነገርኳቸው፤ አጥሩን፣ ማሩን፣ የነጠላዋን ጫፍ።

«ለነፍሱ ነበር የጸለይሽው ወይስ ለራስሽ?» አሉኝ።

«ለሁለቱም። የተሰማልኝ አንዱ ነው።»

«የትኛው እንዲቀር ትመርጪ ነበር?»

ያን ቀን እየራቀ የሄደው ጀርባው መጣብኝ። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም። ለቅናትሽ ስግደት አልሰጥሽም፣ ስግደት እሷን ያስታውስሻል አሉ። ይልቅ በየጠዋቱ ለእሷ ጸልዪ፣ በክርስትና ስሟ፣ እስኪቀልልሽ ድረስ አሉኝ።

ይህን ስጽፍ አሁንም እየጸለይኩ ነው። መጀመሪያ ስሟን ከሌላ ስም መሃል ደብቄ ቶሎ አልፈው ነበር። አሁን ለብቻው እጠራዋለሁ። ጤና ስጣት እላለሁ። እርጉዝ ናትና በሰላም ገላግላት እላለሁ። ደስታ ስጣት ለማለት ገና ነኝ።