ሁለቴ የተሰበረው እግሬ

ቢቸና ገበያ ዳር ከባጃጅ ስወርድ ጭቃው አንሸራተተኝና ቅልጥሜ ተሰበረ። አገር የሚያውቀው ወጌሻ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነው። እኔ ግን በእሱ እጅ ከምነካ ብዬ፣ በዚያ ሥቃይ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሌላ ወጌሻ ፍለጋ ሞጣ ድረስ ሄድኩ። እልኸኛ ሰው መንገድ አይርቀውም።

ከወጌሻው ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። በእናቴ ተዝካር፣ ካህናቱ በተቀመጡበት፣ ጠላውን ቀመስ አድርጎ «ይሄ ጠላ ነው የእንስራ እጣቢ?» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እኔ አለቀስኩ። የጽዋ ማኅበራችን ደንብ፣ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም ይላል። ታረቂ እንዳልባል ማኅበሩን ተውኩ።

ሞጣ ላይ እግሬን ካሰሩልኝ በኋላ «አትርገጪበት» ያሉኝን አልሰማሁም። ጠምሞ ገጠመ። ቅዳሴ መቆም አቃተኝ፤ ስግደትማ ቀረ። «ጌታዬ፣ ምን በደልኩህ?» እያልኩ ስሟገት፣ የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡና «መልሱ ከአጥሩ ማዶ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። በማግስቱ ወጌሻውን ይዘውት ገቡ።

እግሬን ዳበሰና «ተመልሶ ካልተሰበረ አይቃናም» አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቅልጥሜን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ስለዚያ ጠላ ይቅር በይኝ» አለኝ። ልቤ መራራት ሲጀምር፣ «መቅጠኑንስ ቀጥኖ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ልሰድበው አፌን ስከፍት ቀጭ አደረገው። ጩኸቴ አምበር ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አስሮልኝ ሲያበቃ እግሬን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ትራስ ላይ አሳረፈው። ያን ሳይ እንባዬ መጣ፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናዘዝኩትን እዚያው አወጣሁት።

«እንግዳ ሲበዛብኝ ውኃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እውነት ስለተናገርክ ነው ቂም የያዝኩብህ። ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስትጨምሪ በአጥሩ አይቼሻለሁ። አይቼ መናገሬ ነው የእኔ ኃጢአት።»

የነፍስ አባታችን «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው በመስቀላቸው አሳለሙን።

ማኅበሩ ከመለሰኝ በኋላ በእኔ ቤት በዋለበት የሚካኤል ዕለት፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ጽዋውን ለወጌሻው ራሴ አቀበልኩት። ጠላው እንደ ሙቅ ወፍሮ ነበር። ቀመሰና እስከ አተላው ጨለጠው። እግዜር ለዚህች ለዚህች እግር መስበር ምን አስፈለገው እላለሁ አንዳንዴ። በደህና እግሬ ግን ያንን አጥር ዞሬ ይቅርታ ልጠይቀው አልሄድም ነበር።