የአባቴ ሶሪ

አባቴን ወደ እኔ ቤት ለማምጣት ባልድዊን ሂልስ ሰፈር የነበረውን ክፍሉን ሳጸዳ፣ ወፍራሙ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ከመደርደሪያ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ፤ ገና ሳልገልጠው የአሮጌ ወረቀትና የመንቶል ቅባት ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አባቴ በእንግሊዝኛ ንባቡ ሊቅ፣ ጆሮው ግን ገና ጀማሪ ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ስለቆየ፣ ቃል ሥሩ ካልተቆፈረ አልታወቀም ባይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሌሎች ልጆች ካርቱን ሲያዩ፣ እኔና እሱ አንድ ቃል ይዘን ከየት እንደመጣና በመንገድ ምን እንደሆነ ስንመረምር እናረፍድ ነበር።

ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ታዲያ አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። አንድ ቀን አስተማሪዬ አመሰገነችኝ፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩለት። ግን ልጅ በገዛ አፏ ራሷን ስታወድስ ማን ያምናል? ዋሽታለች ብሎ፣ ክፍላችን ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ ለሽርሽር የሄደ ዕለት ቤት አስቀረኝ። ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ። ከሳምንት በኋላ ያው ምስጋና ተጽፎ በፖስታ መጣ፤ ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

የዚያ ቅዳሜ ቃል «ሶሪ» ሆነ። ሥሩ ቁስል ነው አለኝ፤ ድሮ ልቡ የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ የሚናገረው ነበር፣ ዛሬ ግን ትከሻ የነካ ሁሉ ይለዋል፤ እሱ ራሱ ግን ልቡ ካልታመመ እንደማይለው ነገረኝ። ይቅርታ እየጠየቀኝ ነው ወይስ አልታመምኩም እያለኝ? ግራ ገባኝ፤ መጠየቁንም ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ያቺን ቃል ከአፉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ወሰድኩት። ሰማንያን አልፏል፣ ማስታወሱም ከድቶታል። የገጨውን ወንበር «ሶሪ» አለው። አስተናጋጇንም «ሶሪ» አላት፤ እሷም «ኖ ፕሮብሌም ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው። ከዚያ ረዘም አድርጎ አየኝና «ሶሪ፣ ልጄ» አለኝ።

«ለምኑ ነው አባዬ?»

«እኔ እንጃ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ልደሰት ወይስ ላልቅስ፣ አላወቅሁም። ቃል ግራ ባጋባኝ ቁጥር የምጠይቀው እሱን ነበር፤ አሁን ማንን ልጠይቅ? «ምንም አይደለም አባዬ» አልኩት፤ እሱ ግን መብላት ጀምሯል።