ጎርፍ ይውሰደው

እንዳለው የሚባለው ልብስ ሰፊ በዕድሜው ሁለት ቁም ነገር ላይ ፈርሟል። አንዱ ጋብቻው ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ አላስቆጨውም። ሁለተኛው ጉድጓዱ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ቆቦ መጥተው በየክረምቱ ሰፈሩን አቋርጦ የሚወርደው ጎርፍ ደለሉንና ቆሻሻውን የሚያራግፍበት ጉድጓድ ያስፈልገዋል አሉ። ጉድጓዱ ቦታ ይሻል። ቦዩ ደግሞ የሚያልፈው በእንዳለው ግቢ ጥግ ነው። በሰው ፊት «አንተ እኮ አርአያ ነህ» ሲሉት በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ባለሁለት ክፍል ጉድጓድ ተሠራ። ደለሉና ቆሻሻው በመጀመሪያው ይቀራል፤ ውሃው በሁለተኛው ክፍል ጠጠርና አሸዋ ተጣርቶ በአጥሩ ሥር ይወጣል። የምረቃው ዕለት አካፋ አስይዘው ፎቶ አነሱት። ሲሄዱ አካፋውን ይዘውት ሄዱ፤ የፈረመበትን ወረቀት ግን ተዉለት። «ተቋሙ በግል ይዞታ ውስጥ ስለሚገኝ ጽዳቱና ጥገናው የባለይዞታው ኃላፊነት ነው» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እንዳለው ወረቀቱን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ አካፋም ገዛ።

ተቆጣጣሪዎች አይመጡም አይባልም። በየዓመቱ በታኅሣሥ ይመጣሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በደረቁ ጉድጓድ ዙሪያ ቆመው «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለው ጽፈው፣ ለጽዳቱ አመስግነውት፣ ምሳ ሳይረፍድባቸው ወደ ጎብዬ ያልፋሉ።

ችግሩ ያለው ከሰኔ ወዲህ ነው። የቆቦ ጎርፍ ከቆቦ ሰማይ አይመጣም። እዚህ ፀሐይ እየከረረች ሳለ በስተምዕራብ ደጋው ላይ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደራሽ ጎርፉ ከተፍ ይላል። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሰፈሩን ሰው ትጋት ላየ ይህች አገር ለምን እንዳላደገች ግራ ይገባዋል። ጎረምሳው፣ እመጫቷ፣ ወገቤን ባዩ ሽማግሌ ሁሉ የከረመ ቆሻሻውን ተሸክሞ ወደ ቦዩ ይሮጣል። የተቀደደ ጫማ፣ የተነደለ ጀሪካን፣ የዶሮ ላባ፣ አሮጌ ፍራሽ። «ጎርፍ ይውሰደው!» ይላል፤ እጁን አራግፎ ይመለሳል። ጎርፉም ታዛዥ ነው፣ ይወስደዋል። እስከ እንዳለው ግቢ ድረስ።

ይህን ሁሉ እየሳቀ ሊያልፈው ይችል ነበር፣ እትዬ ለተ ብርሃን ባትኖር። ከአላማጣ ወዲያ ተድራ የመጣች፣ ዛሬ ብቻዋን የቀረች አሮጊት ናት። ግቢዋ ከእሱ በታች ነው፤ እስከ ኅዳር የሚያደርሳት ማሽላም ግቢዋ ውስጥ በመሬት ጉድጓድ ተቀብሯል። አምና በነሐሴ እንዳለው ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ተኛ። ሳይጠረግ የሰነበተው ጉድጓድ ሞላና ጎርፉ በላዩ ዘልሎ ማሽላዋ ውስጥ ገባ። እህሉ አብጦ በቀለ። ብትረግመው በተሻለው ነበር። እሷ ግን «ውሃ ነው እንዳለው ወደይ፣ ልጄ፣ ውሃን ምን ይሉታል» ብላ የበቀለውን እህል ትለቅም ጀመር። ያቺ ቃል ከወባው ይልቅ አንቀጠቀጠችው። ሁለተኛ የእሷን እህል ውሃ አይነካውም ብሎ በመድኃኔ ዓለም ማለ።

እናም ዘንድሮ ብልሃት አመጣ። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ልብስ የሰፋው እሱ ነው፤ ከጭቃ ውስጥ የሚወጣ ጨርቅ ሁሉ ለእሱ የሰው ፊት ነው። ስፌቱን አይቶ ባለቤቱን ያውቃል። ስለዚህ እያጠበ፣ እያደረቀ፣ ለየባለቤቱ በአክብሮት ይመልስ ጀመር።

«እህት ሚልካ፣ ቀሚስሽ ጠፍቶብሽ ስትፈልጊው ሰንብተሽ ይሆናል» አላት፣ ጎረቤቶቿ በተሰበሰቡበት።

«ኧረ የኔ አይደለም!» አለች ሚልካ።

«የአንቺ ነው እንጂ። ሁለት ጊዜ ወገቡን ያሰፋሁልሽ ነው።»

ትምህርቱ ወዲያው ፍሬ አፈራ። ሰዉ ከመጣሉ በፊት ስፌቱን መተርተር ጀመረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ቀጥለው በስም ማጥፋት ሽማግሌ ዘንድ ከሰሱት።

ሽምግልናው በአያ ኃይሉ ግቢ ሆነ። አያ ኃይሉ የሽማግሌዎቹ ዋና ናቸው፤ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪያቸው ባለፈው ሳምንት በክብር ተመልሶላቸዋል፣ ስለዚህ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቁታል። እንዳለው ማለዳ ጉድጓዱን ጠርጎ ነበርና እንደ ጭቃ ምርግ ሆኖ ቀረበ።

«አያ እንዳለው» አሉት፣ «ጉድጓዱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው አሉ።»

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያ ውስጡ ያለው ሁሉ ያንተ ነው። ያንተን ቆሻሻ ሰው ቤት መውሰድ ደግሞ ነውር ነው። ይቅርታ ጠይቅ።»

ተነሣና የአያ ኃይሉን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ በስተምዕራብ ነጎድጓድ ተሰማ። ከሳሾቹ ተያዩ። ሽማግሌዎቹ ሰማዩን አዩ። ምርቃቱ ሳይደርስ ጉባኤው ተበተነ፤ አያ ኃይሉም በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ጓሮ ሮጡ። ጓሮ ምን እንዳላቸው ልብስ ሰፊው መጠየቅ አላስፈለገውም።

እሱም ሮጠ፣ ቆሻሻ ወደሚጎትትበት መንሽ። ጎርፉ ቀይ ሆኖ፣ የሰፈሩን በረከት ሁሉ ተሸክሞ መጣ። በጉድጓዱ መግቢያ ያለው የብረት ወንፊት ከተደፈነ ውሃው ወደ ለተ ብርሃን ግቢ መዝለሉ ነው። ጀሪካኑን ሲስብ ፍራሹ ይመጣል፤ ፍራሹን ሲስብ ሌላ ጥቅል ይከተላል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ የሰፈሩን ሰው በየስሙ እየሰደበ፣ ውሃው እስኪጎድል መንሹን አልጣለም። ከዚያ አጥሩን ዞሮ የማሽላዋን ጉድጓድ ክዳን አነሣና ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ደረቅ ነው። ብቻውን ቆሞ አለቀሰ፤ የደስታ ነበር።

በማግስቱ ጉድጓዱን ሲጠርግ በጥቁር ነጠላ የታሰረ ጥቅል አወጣ። ውስጡ ገለባ፣ የተሰባበረ ገንቦና አንድ ነጠላ ጫማ ነው። የነጠላውን ጠርዝ አየና አካፋውን አስቀምጦ ስፌቱን በጣቱ ተከተለ። ለባሏ ሐዘን ብላ ያዘዘችው፣ ራሱ የዘመዘመው ነው። ጥቅሉን ጋሪ ላይ ጭኖ ለተ ብርሃን ደጅ ቆመ።

«እትዬ ለተ፣ አንቱም?»

«እንዴታ፣ የኔ ነው» አለች፤ እሷ እንኳ አልካደችም።

«የአንቱ ደጅ ከጉድጓዱ በታች አይደል? ይህ እንዴት ከላይ መጣ?»

«ተሸክሜው ወጣሁ እንጂ።»

«በዚህ ጉልበት? ለምን?»

ሞኝ እንደሚያዩት አየችው። «ከታች ብጥለው ማን ያወጣልኛል ወደይ? እዚሁ ተወትፎ ማሽላዬን በጎርፍ ሊያስበላኝ? ካንተ በላይ ከጣልኩት ግን አንተ አለህ።»

ሌሊቱን ለሌላው ሁሉ ያዘጋጀውን ስድብ እንደያዘ ጥቅሉን ጋሪው ላይ መልሶ አጠበቀ። ጋሪውን አዞረ።

«ክረምቱ ገና ነው» አለችው ከኋላው፣ «ዘንድሮስ እንዳትታመም።»