«ዶክተር አይደለሁም»

አባቴን ከፃግብጂ መንደራችን እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ ተሸክመን፣ ከዚያ በመኪና ሰቆጣ ሆስፒታል አደረስነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። እኛ ዘንድ በሽተኛ የተሸከመ ሰው በምክሩም ላይ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ አጎቴና ተሸካሚዎቹ አልጋውን ከበው ቆሙ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለእኛ ዶክተር ነው። አጎቴም ደጅ ላይ ላገኘው ፀጉሩ ለሸበተ ጋዋን ለባሽ የወንድሙን ሕመም ከሥር ከመሠረቱ ነግሮት ጨርሷል። ሰውየው የሚሠራው መድኃኒት ቤት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ወጣት ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ዝቅ ብሎ ለእኛ ሳይሆን ለአባቴ ተናገረ።

«አባቴ፣ አንጀትዎ ሳይታጠፍ አልቀረም፤ ቶሎ መከፈት አለበት። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ግን ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውንም ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። ስፔሻሊስት ወዳለበት ልልክዎ እችላለሁ፤ መንገዱን ግን እፈራልዎታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ማን ጠየቀህ? ዝም ብለህ ዶክተር ብትባል ምን ነበረበት? አጎቴ ዶክተር ባልሆነ ሰው ወንድሜን አላስቀድድም፣ ወደ ወልዲያ እንሂድ ብሎ ማለ። ተሸካሚዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ወጣቱ ሳይቆጣ ያንኑ ደግሞ አስረዳ። በመጨረሻ አባቴ ዐይኑን ገልጦ በቋንቋችን በኽምጣንጋ ዝም በሉ አለን፤ ከዚያ ወጣቱ እንዲሰማው በአማርኛ ቀጠለ።

«ዶክተር አይደለሁም የሚለኝ ሰው አይዋሸኝም። ይክፈተኝ።»

ወጣቱ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲወጣ ሌላ ሰው አልላከም፤ ራሱ መጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገባችን ተቀመጠ። መርዶ እኛ ዘንድ በሽማግሌ፣ ዙሪያውን ተዙሮ ነው የሚነገረው። እሱ ግን አንጀቱ ቀድሞ ሞቶ እንደነበር፣ የሞተውን ቆርጦ እንዳወጣ፣ ልቡ ግን ስላልቻለ አባቴ እንደሞተ በግልጽ ነገረን። ጮህኩ።

አጎቴ ለቅሶውን ዋጥ አድርጎ ጠየቀው።

«የከፈተው ዶክተር ቢሆን ወንድሜ ይተርፍ ነበር?»

ወጣቱ «አይመስለኝም» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አላውቅም» አለ።

አጎቴ ትከሻውን ያዘው። እኔ አልቻልኩም። አዎ ቢለኝ እረግመው፣ አይ ቢለኝ እመርቀው ነበር፤ ሁለቱንም ከለከለኝ። ያ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ውሸት ነው ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሬው አላውቅም።