ድምፁን ያጠፋሁበት ቪዲዮ

ለጀማሪ ነጋዴዎች በተዘጋጀው ሥልጠና ላይ አሠልጣኛችን ደጋግማ የምትለን ነገር ነበር፤ በማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ የመንገድ ጫጫታ ተመልካች ያባርራል፣ ድምፁን አጥፍታችሁ ሙዚቃ ጨምሩበት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የምሸጣቸውን ቀሚሶች የሚሰፉልኝ፣ የስፌት መኪኖች ጩኸት ስም ባወጣለት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። በማግስቱ ስልኬን ደቅኜ ፊታቸው ቆምኩ፤ መናገር ግን አቃተኝ።

"ተናገሪ እንጂ ልጄ፣ ስልክ አይነክስም!" አሉኝ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ። ሳቁና ወደ ካሜራው ዞሩ። "ወላሂ፣ እሷ ካፈረች እኔው እሸጥላታለሁ!" ብለው ስለ ቀሚሱ ብዙ አወሩልኝ። ቀሚሱ ከካሜራው እንዳይወጣ ስጠነቀቅ የሚሉትን በቅጡ አልሰማሁም።

ቤት ገብቼ እንደተማርኩት አደረግሁ። ድምፁን አጥፍቼ ሙዚቃ ጨመርኩ፤ ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ቅጂ ሰረዝኩት።

ሽማግሌው ባለፈው ክረምት አረፉ። በዚያ መንገድ ሳልፍ የሌሎቹ የስፌት መኪኖች ጩኸት ያስቆመኛል። ቪዲዮውን ስከፍተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ጥለቱን ይዳስሳል፣ የምሰማው ግን ከየትም ያመጣሁትን ሙዚቃ ነው።

አሁን መናገር ለምጃለሁ። ደንበኞች ስለ ቀሚሱ ሲጠይቁኝ የማውቀውን እመልሳለሁ። ያን ቀን እሳቸው ያሉትን ብነግራቸው ግን እንዴት ደስ ባለኝ።