እስከ ዘጠኝ ሰዓት የያዝኳት ኪኒን

ከክፍል ይዘው ሲወስዱኝ ጠመኔው ከጣቴ አልለቀቀም ነበር። እንጅባራ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የደም ሥር ስዬ ግማሽ ላይ ደርሼ ነበር። የተያዝኩት ስብሰባ ላይ በጠየቅኩት ጥያቄ መሆኑን የነገሩኝ ዳንግላ ከደረስን በኋላ ነው። ያስገቡኝ ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ የጤፍ ብናኝ ጥጉን ይዟል። የቆርቆሮ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ተነስቼ እቆም ነበር።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፣ የከተማው ጋሪ ነጂ። ያሳፈሩትን ሰው ስም እንዲናገሩ ነው የያዟቸው። የደም ግፊት አለባቸው። ፈታሾቹ ኪኒናቸውን ወስደውባቸዋል፤ በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሯት አንዲት ብቻ ተርፋለች።

በሦስተኛው ቀን ጧት ለምርመራ እንዲዘጋጁ ተነገራቸው።

"አባባ፣ አሁኑኑ ይዋጧት" አልኳቸው።

"ጾም ነው ልጄ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ባፌ ምንም አይገባም።"

ከማስተማር ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። የደም ሥር ግድግዳ ጡንቻ እንዳለው፣ የጡንቻው ሕዋስም ከላዩ ተቀባዮች እንዳሉት ነገርኳቸው። ሰው ሲደነግጥ ከነርቭ ጫፍ የሚወጣው ንጥረ ነገር እነሱ ላይ ያርፋል፤ ምልክቱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያልፋል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ደም ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል።

"ኪኒኗ ቀድማ ቦታውን ትይዝበታለች። ድንጋጤው ቢመጣም የሚያርፍበት ያጣል።"

"የፈረስ ሆድ የሚታሰርበት ጠፍር ሲጠብቅ እንደማለት ነዋ" አሉ። "ገብቶኛል። ግን ጋሪዬን ወስደዋል፣ ፈረሴም የት እንዳለ አላውቅ። ጾሜን ደግሞ በገዛ እጄ አልሰጣቸውም።" ኪኒኗን መዳፌ ላይ አኖሩ። "ሲያስወጡኝ ይፈትሹኛል። እስከ ዘጠኝ ያዝልኝ።"

ወሰዷቸው። የእኔንም ኪስ ስለሚፈትሹ ጨብጫት ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ይሰማኛል፤ የእሳቸው ይሁን የሌላ ሰው መለየት አልቻልኩም። ወድቀው ይሆን? ምላሳቸው ተሳስሮ ይሆን? ጣቶቼ በረዱ፤ የራሴም ደም ሥር እየጠበበ መሆኑን አውቃለሁ። ፍርሃት ጣት እንደሚያቀዘቅዝ፣ መዳፍ ግን እንደሚያረጥብ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ተናግሬያለሁ። ለራሴ ትዝ አላለኝም።

በእግራቸው ተመለሱ፣ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዞ። ዓይናቸው ቀልቷል። ስም አልተናገሩም።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" ብለው ጠባቂውን ጠየቁት።

"ዘጠኝ አልፏል" አለና በሩን ዘጋ።

እጄን ስከፍት ኪኒን የለም። ላቤ አሟሙቷት ነጭ ጭቃ ሆናለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስለ ድንጋጤ ሳስተምራቸው አርፍጄ መድኃኒታቸውን በራሴ ድንጋጤ አበላሸሁት።

እሳቸው አማተቡ። ጥግ ካለው ጆግ ትንሽ ውኃ መዳፌ ላይ አፈሰሱ፣ በጣታቸው በጠበጡት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከእጄ ጠጡ። ሲጨርሱ በጋቢያቸው ጫፍ መዳፌን አደረቁልኝ።

"አሁን ቦታዋን ይዛለች?"

ምን ያህሏ እንደተረፈ አላውቅም ነበር። "ይዛለች" አልኳቸው።

ሁለታችንም ተፈታን። ያንን ትምህርት ዛሬም አስተምራለሁ። ዳንግላ ስሄድ አንዳንዴ ጋሪያቸው ላይ አገኛቸዋለሁ። ሰላም ሲሉኝ መጀመሪያ መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል።

"ደርቋል" ይላሉ።

ሁልጊዜ እውነት አይደለም።